«ድሮም ደመኞች ናቸው»



በአንድ የረመዳን ምሽት ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ተከፍቷል። በሩቅ አገር የተነሳ ጦርነት ይታያል፤ የተቃጠለ መንደር፣ ጓዟን በራሷ የተሸከመች ሴት፣ ጠመንጃ ያነገቱ ጎረምሶች። ከመካከላችን አንዱ «ምን ሆነው ነው የሚተላለቁት?» ብሎ ጠየቀ። ሐጂም የቴምሩን ሳህን ወደኛ ገፋ አድርገው «እነሱማ ድሮም ደመኞች ናቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። ወሬው ወደ ስኳር ዋጋ ዞረ።

ይህን የምጽፈው ሐጂን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ብሆን ይህን ቃል ስንቴ እንዳልኩት አላህ ነው የሚያውቀው። የምወቅሰው ቃሉን ራሱን ነው። አንድ ቃል መልስ መስሎ ጥያቄን የሚዘጋ ከሆነ ሊመረመር ይገባዋል። ደግሞም ይህ ቃል የቡና ላይ ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በታላላቅ ቤተ መንግሥቶች ተነግሯል፣ በወፍራም መጻሕፍት ተጽፏል፣ ሰዎች እየታረዱ ሌሎች እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ ምክንያት ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጻሕፍቱ አንዱን ልጥቀስ። ሮበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ1993 «የባልካን መናፍስት» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በባልካን አገሮች ሲዞር ያየውን የጻፈበት የጉዞ መጽሐፍ ነው። ብዕሩ ጥሩ ነው፤ የሚያነበውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ችግሩ አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ በልቡ የሚቀረው ስሜት ነው፤ እነዚያ ሕዝቦች ከአያት ቅድመ አያታቸው በወረሱት ጥላቻ የታሰሩ ናቸውና ከውጭ ገብቶ የሚያላቅቃቸው አይኖርም የሚል ስሜት። የሚገርመው ደግሞ በዚያ ዘመን ደም የሚፈስባት አገር ቦስኒያ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የራሷ የሆነ አንድ ምዕራፍ እንኳ የላትም። የሩማንያና የግሪክ ወሬ ሞልቶታል። ሆኖም ፕሬዚዳንት ክሊንተን መጽሐፉን አንብበው በቦስኒያ ጉዳይ እጃቸውን ለማስገባት ልባቸው ሸሸ እየተባለ በሰፊው ተጻፈ። ለፍትሕ ሲባል መናገር ያለብን ካፕላን ራሱ በኋላ ዓላማዬ ይህ አልነበረም፣ እኔ ጣልቃ መግባቱን እደግፍ ነበር ማለቱን ነው። እንግዲህ መጽሐፍ ከጸሐፊው እጅ ከወጣ በኋላ የራሱን መንገድ ይሄዳል።

እስቲ ታዲያ ቦስኒያን እንመልከት። በዘጠናዎቹ ዓመታት ልጅ ያልነበረ ሁሉ ያስታውሳታል፤ በየመስጊዱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ዱዓእ ይደረግላት ነበር።

በ1991 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና 4.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። ከዚህ ውስጥ 44 በመቶ ያህሉ ሙስሊሞች፣ 31 በመቶ ያህሉ ሰርቦች፣ 17 በመቶ ያህሉ ክሮአቶች ነበሩ። ከ5 በመቶ የሚበልጡት ደግሞ «ምንድን ነህ?» ሲባሉ «ዩጎዝላቭ ነኝ» ብለው የተመዘገቡ ናቸው። ሦስቱም የሚናገሩት አንዱ ሌላውን ያለ አስተርጓሚ የሚሰማበትን ቋንቋ ነው። በመልክ አይለዩም። የሚለዩት በስማቸውና በአያቶቻቸው ሃይማኖት ነው። በአያቶቻቸው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከ45 ዓመት የኮሚኒስት አገዛዝ በኋላ ከሦስቱም ወገን መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የማይደርሰው ብዙ ነበርና።

የድሮ ቂም አልነበረም ወይ? ነበር፤ መካድ አይገባም። በኦቶማን ዘመን ባለመሬቱ በአብዛኛው ሙስሊም፣ ጭሰኛው በአብዛኛው ክርስቲያን ነበርና በ1875 ታላቅ የገበሬ አመጽ ተነስቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኡስታሻ የተባሉት የክሮኤሺያ ፋሺስቶች በያሴኖቫትስ ማጎሪያና በየመንደሩ ሰርቦችን፣ አይሁዶችንና ሮማዎችን ፈጅተዋል። ቼትኒክ የተባሉት የሰርብ ታጣቂዎች ደግሞ በምሥራቅ ቦስኒያ በፎቻና በአካባቢው ሙስሊሙን አርደዋል። ከሙስሊሙም ውስጥ ከኡስታሻ ጋር የተሰለፈ፣ የጀርመኖችን የኤስ ኤስ መለዮ የለበሰ ነበር፤ ከፓርቲዛኖች ጋር ሆኖ ፋሺስቶችን የተዋጋም ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከ1945 በኋላ እነዚሁ ሰዎች በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል፣ በአንድ ፋብሪካ ሠርተዋል፣ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። ጥላቻው በደማቸው ውስጥ ያለ ነገር ከሆነ እነዚያን 45 ዓመታት የት ሄዶ ነበር?

መልሱን ለማግኘት ከጥላቻው በፊት የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ማርሻል ቲቶ በግንቦት 1980 ሞቱ። ዩጎዝላቪያ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል የውጭ ዕዳ ተሸክማ ቀረች። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በ1989 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ1,000 በመቶ በላይ ደረሰ። ይህን ያህል ሲሆን ጠዋት የተቀበልከው ደመወዝ ማታ ዳቦ አይገዛም ማለት ነው። ሕዝቡ ገዥዎቹን «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ሲነሳ ገዥዎቹ «የአያቶችህን ገዳዮች እወቃቸው» አሉት። ስሎቦዳን ሚሎሼቪች የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበረ፣ በኮሚኒስት ፓርቲ ውስጥ መሰላል የወጣ ሰው ነው። የብሔርን ዘፈን የጀመረው በ1987 ወደ ኮሶቮ ሄዶ የሕዝቡን ስሜት ካየ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ በትዕግሥት የተሠራ ነው። በ1389 በኮሶቮ ሜዳ ከኦቶማኖች ጋር ሲዋጋ የሞተው የሰርብ መስፍን የላዛር አጽም ሰርቦች በሚኖሩባቸው ብዙ ቦታዎች ዞረ። በሰኔ 28 ቀን 1989 የጦርነቱ 600ኛ ዓመት ሲከበር ሚሎሼቪች በዚያው ሜዳ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰብስቦ የጦር መሣሪያ ፍልሚያም ሊመጣ እንደሚችል ተናገረ። በ1990 እና በ1991 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተገደሉ ሰርቦች አጽም ከየዋሻው እየወጣ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት እንደገና ተቀበረ። ሙታንን በክብር መቅበር የተገባ ነው። ግን አስተውሉ፤ ያ ሁሉ አጽም የወጣው መሣሪያ በሚታደልበት ወቅት ነው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ከሲራ መጻሕፍት የማውቀው አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። የመዲና ሁለቱ ነገዶች፣ አውስና ኸዝረጅ፣ ከሂጅራ ጥቂት ዓመታት በፊት በቡዓስ ቀን ተራርደው ነበር። ደሙ ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል። ኢስላም ከመጣ በኋላ አንድ ቀን ከሁለቱም ወገን የሆኑ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ሲጫወቱ ሻስ ኢብኑ ቀይስ የተባለ ሰው አየና አንጀቱ አረረ። ከእርሱ ጋር የነበረውን አንድ ወጣት «ሂድና ከእነሱ ጋር ተቀመጥ፤ የቡዓስን ቀን አንሳባቸው፤ ያን ጊዜ የተገጠመውን ግጥም አስታውሳቸው» አለው። ወጣቱም እንደታዘዘው አደረገ። መፎካከር ተጀመረ፤ ሁለት ሰዎች ተነስተው ተዛዛቱ፤ በመጨረሻ «መሣሪያ! መሣሪያ!» ተባለና ከከተማው ውጭ ቀጠሮ ተያዘ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙሃጂሮቹን አስከትለው ደርሰው ባያረጋጓቸው ኖሮ ያ ቀን ሁለተኛ ቡዓስ ይሆን ነበር። ሰዎቹም የሆነው ነገር ሲገባቸው አልቅሰው ተቃቀፉ። ሙፈሲሮች ይህን ታሪክ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ውስጥ ካሉ አንቀጾች ጋር ያያይዙታል።

ይህን ታሪክ በልጅነታችን የሰማነው ስለ ወንድማማችነት ትምህርት ሆኖ ነው፤ ነውም። እኔን አሁን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገሩ ነው። ቂሙ እውነተኛ ነበር፤ የሞቱት ሰዎች ልጆች እዚያው ተቀምጠዋል። እንዲያም ሆኖ ቂሙ ብቻውን አልተነሳም። ላኪ አስፈለገው፣ ግጥም የሚያሰማ አስፈለገው፣ በአቅራቢያ ያለ መሣሪያ አስፈለገው። በዚያ ቀን በመዲና ያልፍ የነበረ መንገደኛ ሰዎቹ ሰይፍ ሲያነሱ ቢያይ ምን ይል ነበር? «አውስና ኸዝረጅ መቼም ድሮም ደመኞች ናቸው» ብሎ ግመሉን ይነዳ ነበር። አልዋሸም፤ ግን ምንም አላየም።

ወደ ቦስኒያ እንመለስ። በግንቦት 31 ቀን 1992 በሰሜን ምዕራብ ቦስኒያ በምትገኘው በፕሪየዶር ከተማ በሬዲዮ ትእዛዝ ተነገረ። ሰርብ ያልሆነ ሁሉ በቤቱ ላይ ነጭ ጨርቅ እንዲሰቅል፣ ሲወጣም ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ እንዲያስር ታዘዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም በኦማርስካና በትርኖፖልየ ማጎሪያዎች የከሱ ሰዎች ፎቶግራፍ አይቶታል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው በነጩ ጨርቅ ላይ ነው። ከስድስት መቶ ዓመት ጀምሮ የሚጠላሉ ሰዎች ጠላታቸውን ለመለየት ለምን ጨርቅ አስፈለጋቸው?

በሩዋንዳም ያው ነው። ሁቱና ቱትሲ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ይኖራሉ፣ ይጋባሉ። የቤልጂግ ቅኝ ገዥዎች በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰው ጎሣ በመታወቂያው ላይ ጻፉት፤ ነፃ የወጣው መንግሥትም ያንኑ ይዞ ቀጠለ። በሚያዝያ 1994 ጭፍጨፋው ሲጀመር በየመንገዱ ኬላ ላይ የቆሙት ገዳዮች የሚጠይቁት መታወቂያ ነበር። ሰውየውን አይተው ማወቅ አልቻሉም፤ ወረቀቱን ማንበብ ነበረባቸው። በመቶ ቀናት ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ያለቀው ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ወረቀት በሚያስፈልግበት አገር ነው። (በእኛም አገር የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለብዙ ዓመታት ነበረ። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም ብሏል።)

አሁን «ሕዝቡ የዋህ ነው፣ ጥፋቱ የመሪዎች ብቻ ነው» ማለቴ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ያም ሌላ ማምለጫ ነው። ቆንጨራውን ያነሳው ሚኒስትሩ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው። ለምን አነሳው? አንዳንዱ ከፍርሃት ነው። ሕግ የሚያስከብረው መንግሥት ሲፈርስ ሰው «ማን ይጠብቀኛል?» ብሎ ይቆጥራል፤ የሚያገኘው ወገኑን ነው። ወገኑ መሣሪያ ሲይዝ የወዲያኛው ያየውና እርሱም ይይዛል፤ ያኔ የመጀመሪያው «ይኸው፣ መሣሪያ ይዘዋል፣ አላልኩም?» ይላል። አንዱም ውጊያ ሳይፈልግ ሁለቱም ወደ ውጊያ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ያነሳው ለንብረት ነው። በሰሜን ምዕራብ ቦስኒያ በብዙ ቦታ የሚባረረው ሙስሊምና ክሮአት አውቶቡስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቤቱንና መሬቱን በፈቃዱ እንደተወ ፈርሞ እንዲሄድ ይደረግ ነበር። የድሮ ቂም የቤት ካርታ ምን ያደርግለታል?

ጥላቻው ሌላም የሚያጋልጠው ነገር አለው፤ በትእዛዝ ይከፈታል፣ በትእዛዝ ይዘጋል። የቦስኒያ ክሮአቶችና ሙስሊሞች በ1992 በአንድ ወገን ሆነው የሰርብ ኃይሎችን ተዋጉ። በ1993 እርስ በርሳቸው ተፋጁ፤ በኅዳር 9 ቀን የክሮአት ጦር በ1566 የተሠራውን የሞስታርን ድልድይ በመድፍ ደበደቦ ወንዝ ውስጥ ጣለው። በመጋቢት 1994 ዋሽንግተን ላይ ተፈራረሙና እንደገና አጋር ሆኑ። ጥንታዊ የተባለው ጠላትነት በሁለት ዓመት ውስጥ የለም፣ አለ፣ የለም ሆነ። እንዲያውም ደመኞች ናቸው የተባሉት ሚሎሼቪችና የክሮኤሺያው ፕሬዚዳንት ቱጅማን በመጋቢት 1991 ካራጆርጀቮ በሚባል ቦታ ተገናኝተው ነበር። ቦስኒያን ለመካፈል ተስማምተዋል ወይስ አልተስማሙም የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ አብረው መቀመጣቸው ግን የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ሳያይ «ድሮም ደመኞች ናቸው» ያለው ዓለም ምን አደረገ? በመስከረም 1991 የጸጥታው ምክር ቤት በዩጎዝላቪያ ላይ በሙሉ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ሁሉም እኩል ደመኛ ከሆነ ሁሉንም እኩል መከልከል ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን የዩጎዝላቪያ ጦር ታንክና መድፍ በአብዛኛው በአንዱ ወገን እጅ ነበር። ሳራዬቮ ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 ድረስ 1,425 ቀናት ተከበበች፤ ከ11,000 በላይ ሰው ሞተባት። በሚያዝያ 1993 ስሬብሬኒትሳ «የተጠበቀ አካባቢ» ተባለች። በሐምሌ 1995 የሆላንድ ሰላም አስከባሪዎች ዓይን እያየ ከ8,000 የሚበልጡ ወንዶችና ወጣቶች ከዚያ ተወስደው ተረሸኑ። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ዘር ማጥፋት መሆኑን ፈርደዋል፤ ራዶቫን ካራጂችና ጄኔራል ራትኮ ምላዲች የዕድሜ ልክ እስራት ተበይኖባቸዋል። ሚሎሼቪች ፍርዱ ሳያልቅ በ2006 እስር ቤት ሞተ።

እስከ አሁን የተቸሁት ሌሎችን ነው። አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዕሬ እንደ በፊቱ አይሮጥም።

እኛስ በዚያን ጊዜ ቦስኒያን እንዴት ተረክናት? በየመጅሊሱ የተወራው አንድ ነገር ነበር፤ «መስቀልና ጨረቃ ተዋጉ» የሚል። እኔም እንዲህ ብዬ ተናግሬአለሁ፣ ሰምተውኝም ያለቀሱ አሉ። ለዚህ ምክንያት አልነበረንም ማለት አይደለም። በባንያ ሉካ በ1579 የተሠራው የፈርሃዲያ መስጊድ በግንቦት 7 ቀን 1993 በፈንጂ የፈረሰው መስጊድ ስለሆነ ነው። በስሬብሬኒትሳ የተረሸኑት በስማቸው ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ አተራረካችን ከካፕላን መጽሐፍ ስሜት በምን ይለያል? እርሱ የጥላቻ መናፍስት አለ፤ እኛ የሃይማኖት ደም አልን። ሁለታችንም ሰዎቹን አላየናቸውም።

ካየናቸውማ የምናገኘው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሳራዬቮን ከከበባት ጦር ከጠበቋት አዛዦች አንዱ ጄኔራል ዮቫን ዲቭያክ ሰርብ ነበር፤ በ2021 ሲሞት ከተማው አለቀሰለት። በትሬቢንየ ከተማ ስርጃን አሌክሲች የተባለ ሰርብ ወጣት በጥር 1993 ወታደሮች አንድ ሙስሊም ሲደበድቡ ገብቶ ሲያስጥል እርሱን ደብድበው ገደሉት። በሌላ በኩል ደግሞ በምዕራብ ቦስኒያ በቬሊካ ክላዱሻ ፊክሬት አብዲች የተባለ ሙስሊም ሀብታም ፖለቲከኛ የራሱን ግዛት አወጀ፤ ከ1993 እስከ 1995 ከሰርብ ኃይሎች ጋር ተባብሮ የሙስሊሞቹን የቦስኒያ ጦር ወጋ። ሙስሊም ሙስሊምን ገደለ፤ ከአንድ ሸለቆ የወጡ፣ በአንድ መስጊድ የሰገዱ ሰዎች። ክሮኤሺያ ውስጥ በጦር ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላ በ2016 የዚያችው የክላዱሻ ሕዝብ ከንቲባ አድርጎ መረጠው። ይህን ሰው በየትኛው መጅሊስ ሰማነው? «መስቀልና ጨረቃ» በሚለው ወሬ ውስጥ ለእርሱ ቦታ ስላልነበረው ተውነው።

ስለ ሩዋንዳም የምንናገረው እንዲሁ ግማሽ ነው። በጭፍጨፋው ጊዜ ብዙ የሩዋንዳ ሙስሊሞች የተሳደዱትን በቤታቸውና በመስጊዳቸው መደበቃቸው የታወቀ ነው፤ ከዚያ በኋላም እስልምናን የተቀበሉ ብዙ ናቸው። አልሐምዱ ሊላህ። ይህን በኩራት እንናገራለን። ነገር ግን «ካንጉራ» የተባለውን የጥላቻ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ የነበረው፣ በታኅሣሥ 1990 ሁቱዎች ቱትሲን እንዲርቁ የሚያዝዙ አሥር ትእዛዛት ያሳተመው ሐሰን ንጌዜ ሙስሊም ነበር። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፈርዶበታል። ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ማለትም እዚያ መሃል ተቀምጦ ግጥሙን ያሰማው እርሱ ነው። እኔም መጽሔት ላይ የምጽፍ ሰው ነኝና ይህ ስም ከሌሎቹ ይልቅ ያስፈራኛል።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ሶማሊያ አለች። በአንድ ሃይማኖት፣ በአንድ መዝሀብ፣ በአብዛኛው በአንድ ቋንቋ የተሳሰረ ሕዝብ ነው። ልዩነት ጦርነትን የሚወልድ ቢሆን ሶማሊያ በአፍሪካ ሰላማዊቷ አገር በሆነች ነበር። ዚያድ ባሬ በሰባዎቹ መጀመሪያ ጎሠኝነትን በምስል ሠርተው በሥነ ሥርዓት አስቀበሩት፤ ጎሣ መጠየቅም ነውር ተባለ። በጓዳ ግን ሥልጣኑን ለራሳቸው፣ ለእናታቸውና ለአማቻቸው ጎሣዎች ያደላድሉ ነበር። በጥር 1991 ከሞቃዲሾ ሲባረሩ ከመቃብሩ የወጣው ጎሣ ከተቀበረው የባሰ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከተማይቱን በመድፍ የተካፈሉት ዓሊ ማህዲና ጄኔራል አይዲድ የአንድ ድርጅት ሰዎች፣ ሁለቱም ከሐዊዬ ጎሣ የሆኑ ናቸው። አንድ ጎሣ መሆን ሲያስታርቅ አልታየም፤ ወረድ ብሎ ንዑስ ጎሣ ተገኘ። መለያ የሚፈልግ ሰው መለያ አያጣም።

ይህን ነገር ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ያየው ሰው ከእኛው ወገን ነው። ኢብኑ ኸልዱን በሙቀዲማው ስለ ዐሰቢያ ሲጽፍ ወገንተኝነት ለሥልጣን ኃይል መሆኑን አስረድቷል፤ ያለ እርሱ መንግሥት አይቆምም ብሎም ያምን ነበር። ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን የዘር ሐረግ ራሱ በሐሳብ ያለ ነገር ነው፣ ጥቅሙም የሚያስገኘው መተሳሰር ነው ማለቱ ነው። በመሐላ የገባ፣ በጥገኝነት የመጣ ሰው አብሮ ከኖረና አብሮ ከታገለ ያው ወገን ይሆናል፤ ዘመዱም ከራቀ ባዳ ይሆናል። እንግዲህ ደም የሚባለው ነገር የሚሠራና የሚፈርስ ከሆነ ማን እንደሚሠራውና ማን እንደሚያፈርሰው መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። የእኛ የቡና ላይ ቃል የሚከለክለን ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስለ መፍትሔው የምለው ብዙ የለኝም። መፍትሔ ተብለው የመጡት ግን መለያውን በሕግ ማሰራቸውን አይቻለሁ። የዴይተን ስምምነት በ1995 ጦርነቱን አቆመ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የቆመ ጥይት ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የአገሪቱን ፕሬዚዳንትነት ለአንድ ቦስኒያክ፣ ለአንድ ሰርብና ለአንድ ክሮአት ብቻ ሰጠው። ዴርቮ ሴይዲች ሮማ፣ ያኮብ ፊንሲ አይሁድ ናቸው፤ ሁለቱም ቦስኒያውያን ሆነው ለመወዳደር አልተፈቀደላቸውም። በ2009 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይሻሻል ቆየ። በአንዳንድ ከተሞች «ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር» የሚባል ነገር አለ፤ የቦስኒያክና የክሮአት ልጆች ወደ አንድ ሕንፃ ይገባሉ፣ በተለያየ በር ወይም በተለያየ ፈረቃ፣ በተለያየ የታሪክ መጽሐፍ ይማራሉ። ሶማሊያም በ2000 ጂቡቲ ውስጥ አርታ ላይ «አራት ነጥብ አምስት» የሚባል ቀመር አበጀች፤ ለአራቱ ትላልቅ ጎሣዎች እኩል ድርሻ፣ ለቀሩት ሁሉ ግማሽ። ግማሽ የተባለው ሰው ግማሽነቱን ለልጁ እንዴት እንደሚያስረዳ አላውቅም።

የፈርሃዲያ መስጊድ በ2016 በፈረሰበት ዕለት፣ በግንቦት 7 ቀን፣ ተመልሶ ተከፈተ። ካፈረሱት በኋላ ድንጋዩን በየቆሻሻው ጥለውት ነበር። ሠራተኞቹ የተገኘውን እየለቀሙ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የት ቦታ እንደነበረ እያጠኑ መለሱት። ፎቶግራፉን ሐጂ ዘንድ ይዤ ሄድኩ፤ የአውስንና የኸዝረጅን ታሪክም በዚያው አነሳሁባቸው። እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እየጨመሩልኝ ሰሙኝ። ከዚያ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ያ ግጥሙን ያሰማው ወጣት ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«ሲራው አይጠቅሰውም» አልኳቸው። «የላኪው ስም አለ፤ የወጣቱ ግን የለም።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው» አሉና መነጽራቸውን አድርገው ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው ያዩት ጀመር።